የሮዳስ ትምህርትና የዕድሩ ጥሩምባ

ለተወደድሽው እህቴ ለየሺሃረግ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ክረምቱ ላይ የያዘሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ኦቦ ኦዳ፣ እናቱና ትንሹ ሌንጮስ እንዴት ናቸው? የአሶሳ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ተመስገን ነው፤ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ቢያጉረመርምም ሜዳውን አልከለከለኝም። ሰበታ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳ የምወጣው ጋቢ ደርቤ ነው።

ስለ ልጅሽ በስልክ የጠየቅሽኝን በጽሑፍ የምመልስልሽ፣ መስመሩ ሲቆራረጥ ነገሩም ስለሚቆራረጥብኝ ነው። ሮዳስ ኮሙኒኬሽን መረጥኩ ስትልሽ "ሰው አፉን ለመክፈት አራት ዓመት ይማራል?" ብለሽ፣ ወደ አካውንቲንግ እንድትዛወር እንዳደርግ አደራ ብለሽኛል። መዛወር የሚቻለው እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው። እኔ ደግሞ ያላየሁትን ፈተና አርሜ አላውቅምና ሥራዋን እስካይ ዝም አልኩ። አሁን አይቻለሁ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

መምህሯ እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ አንድ መልእክት ለሰው አድርሶ ውጤቱን እንዲያቀርብ አዘዙ። በእኛ ሰፈር ያን ሰሞን ለሕፃናት ክትባት ጥሪ ይደረግ ነበር። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ሁላችንም ሰምተናል፤ የመጣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሮዳስ እንደ ልማዷ ዓርብ ማታ ከዶርም መጥታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይህ ሰፈር ማንን ይሰማል ብላ አሰበችና የዕድራችንን ጥሩምባ ነፊ ኦቦ ዲሪርሳን ለመነቻቸው። በአፍዎ ብቻ ይናገሩልኝ ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ስንት ዘመን የለመዱት ሥራ ነው፤ ከደጃችን ቆመው ጥሩምባውን ነፉት።

ጥሩምባ ከማን ደጅ እንደሚጀመር ታውቂያለሽ። በረንዳዬ ላይ ጋዜጣ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግቢውን ሞሉት። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ማውጣት ጀምረዋል ተባለ። ጎረቤታችን ባለሱቋ ኡሙልኸይር ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ እያለቀሰች ገባችና፣ እኔን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

"መምህር፣ እርስዎ አልሞቱም እንዴ?"

አለመሞቴን አረጋገጥኩላት። ደንግጫለሁ፤ ግን የሺ፣ ደስም ብሎኛል። ለቀብሩ ማን ማን እንደሚመጣ በዓይኑ ለማየት የታደለ ሰው ስንት ነው?

ከዚያ ቁጣው ወደ ልጅቷ ዞረ። ኦቦ ዲሪርሳ ጥሩምባ ሳልነፋ ማን ይሰማኛል እያሉ ይከራከራሉ። አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ፣ በሕይወት ባለ ሰው ደጅ ጥሩምባ ማስነፋት ሟርት ነው ብለው ወረዱባት። ወደ ጓዳ ትሮጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከደረጃው ወርዳ የአሮጊቷን ጉልበት ስማ ይቅርታ ጠየቀች። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የኦቦ ዲሪርሳ አይደለም አለች። በአማርኛ ያለችውን በኦሮምኛ እየደገመች ስለ ክትባቱ ነገረቻቸው። ቀጥላም መኪናው ሲጠራቸው ለምን እንዳልሄዱ ጠየቀችና አፏን ዘግታ አዳመጠች።

ጥሪውንስ ሰምተውታል። ግን አብዛኞቹ እናቶች ፋብሪካ ነው የሚውሉት፤ ክትባቱ ደግሞ በሥራ ቀን ብቻ ነው የሚሰጠው። ቸልተኞች ናቸው ሲባል ከረመ እንጂ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ልጅሽ አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። "እማዬ ልክ ሳትሆን አትቀርም ጋሼ፤ ሰኞ አመልክቼ እዛወራለሁ" አለችኝ። መጀመሪያ የጀመርሽውን ጨርሺ አልኳት። ተነሥታ ጤና ጣቢያ ሄደችና የሰማችውን ለነርሶቹ ነገረች። እነሱም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እሁድ ለመክፈት ተስማሙ።

ባለፈው እሁድ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች እስከ አጥሩ ጥግ ተሰልፈው አየሁ። ኡሙልኸይርም የልጅ ልጇን ይዛ መጥታለች። "መምህር፣ እኔ ለእርስዎ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛ ቢሞቱ አልመጣም" ብላ ሰልፈኛውን አሳቀችው።

እንግዲህ እርማቴ ይህ ነው። የጥሩምባውን ነጥብ ቀንሼባት እንኳ በደንብ አልፋለች፤ ተዛወሪ አልላትም። እሷ ግን ማመልከቻውን ብትተወውም ልቧ አላረፈም፤ እማዬ ሳታምንበት እንዴት እማረዋለሁ ትላለች።

ይህችን ልጅ ወደ እኔ ስለላክሻት ሳላመሰግንሽ አልቀርም። ከጡረታ በኋላ ቤቴ ጸጥ ብሎ ነበር። አሁን ዓርብ ማታ ስትገባ እንዴት ዋልክ ብላ ትጠይቀኛለች፤ መልሴንም እስክጨርስ ትጠብቃለች። ይህን ከትምህርቷ ታምጣው ካንቺ አላውቅም፤ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ።

ወሩ ሳያልቅ ደውዪላት። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። ስትደውዪ ግን መጀመሪያ ጠይቂያት፣ ከዚያ ፍረጂ።

ለኦቦ ኦዳ አክብሮቴን አድርሺልኝ። እናቱን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ምርቃታቸው አይለየኝ። ሌንጮን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። አንቺም ወገብሽን ጠብቂ።

ወንድምሽ ስምዖን
ሰበታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.