ዳልቻ አገር መንገድ ወጣላት

ለወንድሜ ለዓሪፍ ጀብሪል፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዬ እንዴት ከረምክ? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህን ያምህ ነበር፣ ተሻለህ ወይ? ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሻይ ጠጥተህ ትውላለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አራታችንም በሕይወት አለን። ብርቱካኑ ውሃ አጥቶ ደርቋል፣ ማንጎው ግን ተርፏል። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉም አሉ፤ ባለቤታቸው ጋሽ ማሩ ግን በነሐሴ ዐረፉ። መድኃኒታቸው ጠፍቶ ነው። ይህን ሳትሰማ መቆየትህ አሳዝኖኛል።

ይህን ደብዳቤ የአይሱዙ ሹፌሩ ፈንታው ኮምቦልቻ ወስዶ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል፤ ስለዚህ ሰው ሊያየው የማይገባ ነገር አልጻፍኩበትም። “ልምጣ ወይስ እዚሁ ልሁን?” ብለህ በሰው ያስጠየቅኸው ደርሶናል። አባባም ሰምተዋል። እማዬ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች፣ እሳቸው ስለ ማንጎው ያወራሉ። መልሱ የዘገየው ለዚህ ነው እንጂ ረስተንህ አይደለም። አሁን መልስ አለ፤ ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩህ ግን አይገባህም።

ጦርነቱ በቤታችን ደጅ ነው ያለፈው። ሲመጡም በአስፋልቱ፣ ሲሄዱም በአስፋልቱ። ላማችንን ዳልቻን ታጣቂዎች የነዷት በዚያው ነው። አባባ በማግሥቱ ወደ አስፋልቱ የሚከፈተውን በር በቆርቆሮና በሚስማር ጠረቀሙት። “ይህ መንገድ ልጄን ወሰደ፣ ላሜን ወሰደ፤ ከእንግዲህ ፊቴን አያይም” አሉ። ከዚያ ወዲህ በጓሮ፣ በቁልቋሉ መሐል እየተሹለከለክን ነው የምንገባው። ትንሿ እህታችን አሲያ ሁለት ቀሚስ ቀድዳበታለች።

መብራትም ኔትወርክም የለም። እንግዲህ ምን ይዞን የከረመ ይመስልሃል? ስትሄድ የተውክልኝ መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልክ! ከተማ የሚገነባበት ጌም ጭነህበት ነበር፤ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። በሶላር እየሞላን እኔና አሲያ ጀመርነው። መጀመሪያ አገር ፍጠሩ፣ ስም ስጡት ይላል። አሲያ በራሷ ስም ልትሰይመው ስትል እማዬ “ዳልቻ በሉት” አለችን፤ እምቢ ማለት አቃተን። አገሩ ዳልቻ ተባለ፣ ባንዲራውም አመድማ ሆነ። አባባ “ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንግዲህ ይቺ ናት” ብለው ሳቁብን። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቃቸው ነበር፤ ለዚያ ሳቅ ስል ጌሙን እወደው ጀመር።

አገሩ ግን አላድግ አለ። በጌሙ ሰው ሲሞት አንዲት ምልክት ብልጭ ትላለች፣ ሥራው ይቀጥላል። እማዬና እትዬ ሙሉ ይህን ሲያዩ ጉድ አሉ። “የመንደሩ ቀባሪ ቅሬው ሳይጠራ፣ ቀብር ሳይወጣ ግንብ ይገነባሉ? ምን ዓይነት ከብቶች ናቸው!” ብለው ስልኩን አዘጉኝ። አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ሐዘን እስኪነሳ ስልኩ አይከፈትም። የዓለም አገር ሁሉ ፎቅ ሲያቆም ዳልቻ ለቅሶ ተቀምጣ ትውላለች። እየሳቅሁ ነበር። አንድ ቀን ግን እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለማያውቁት የስልክ ሰው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ጋሽ ማሩን በተኩሱ መሐል የቀበሯቸው አባባና ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው፤ ቅሬው መውጣት አልቻለም። ከዚያ በኋላ ሳይነግሩኝ እዘጋላቸው ጀመር።

ዋናው ጠብ የመጣው በመንገድ ነው። አባባ ቀስ በቀስ ገብተውበት ሕግ አውጪ ሆነዋል። ሕጋቸውም አንድ ብቻ ነው፤ ከዳልቻ ወደ ውጭ የሚያወጣ መንገድ አይሠራም። ጌሙ “መንገድ ሥሩ” እያለ ይነዘንዛል፣ ገበያው ባዶ ሆነ፣ ሕዝቡ ፊቱን አጨማደደ። እሳቸው “ይቻሉት፣ ጎመን በጤና” ይላሉ። እማዬ አንድ ቀን “ይሄ ስለ ጌም ነው ወይስ ስለ ልጄ?” አለቻቸው። ተነሥተው ወደ ማንጎው ሄዱ።

ባለፈው ዓርብ አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ ስልኩ ላይ አዲስ ጽሑፍ መጣ። ምን ይላል አሉኝ። “ወደ ዳልቻ መግባት የሚፈልጉ ሰዎች ድንበር ላይ ቆመዋል፤ መግቢያ መንገድ የለም ይላል” አልኳቸው።

“የማን ልጆች ናቸው?” አሉ።

“የሰው ልጆች ናቸዋ፣ አባባ” አልኩ።

ስልኩን ተቀበሉኝና በዚያ ወፍራም ጣታቸው መንገዱን ራሳቸው አሰመሩት። የውሃ ማጠራቀሚያችንንና ግማሹን ገበያ ደረመሱት፤ ማን ይናገራቸው! ትንንሾቹ ሰዎች እየተንጋጉ ሲገቡ እማዬ እልል አለች፣ እትዬ ሙሉም ተቀበሏት።

በማግሥቱ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰምተን ወጣን። አባባ ሚስማሩን እየነቀሉ ነው። እማዬ “ምነው፣ ምን ሆኑ?” ብትላቸው ዘወር ሳይሉ “ልጄ በጓሮ ነው እንዴ የሚገባው?” አሉ። መልስህ ይኸው ነው፣ እኔ አልጨመርኩበትም። ሰላሙ ይጽና አይጽና አናውቅም፤ አልዋሽህም። አንተው አስበህ ወስን፤ ደጁ ግን ተከፍቷል።

አብረውህ ላሉት የመርሳና የውርጌሳ ልጆች ሰላም በልልኝ። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፣ ዱዓዋም አይለይህም። እትዬ ሙሉ እመቤቴ ትከተልህ ብለዋል። አሲያ አዲስ ስልክ ይዘህ ና ትላለች፤ እኔ አንተ ብቻ ና እላለሁ። አባባን “ምን ልበልልዎ?” ብላቸው “ሲመጣ እነግረዋለሁ” አሉኝ። ይህን ስጽፍ የበሩን ማጠፊያ ዘይት እየቀቡ ነው።

እህትህ ናጅዋ ጀብሪል
መርሳ፣ ጥር ፫ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.