ስልሳ ገጽ ማስታወቂያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ከትምህርት ቤት መልስ እንደተለመደው ለአያቴ ለአባባ ማንበብ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሥራው የእኔ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። "እኔን ያለፈ ስህተት የለም!" ሲል እማዬ ካልሲውን ታያለች። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡኒ።

ልብ ወለዱ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ሴት ልጁ ጥላው የሄደች። ጥሩ ነው፣ ግን ገና ስልሳ ገጽ ይቀራል፣ ጓደኛዬ ደግሞ በር ላይ ታፏጫለች... ከመጽሐፉ የተሠራውን ፊልም ባለፈው ሳምንት አብረን አይተነዋል። ታዲያ ምን ቸገረኝ? ገጹን እየገለጥኩ የፊልሙን መጨረሻ "አነበብኩለት"። ልጅቷ ተመለሰች፣ ዝናብ ወረደ፣ ተቃቀፉ። ዝናቡን እንኳን ከፊልሙ አስበልጬ ነው ያወረድኩት።

አባባ የቀረውን ወረቀት በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

"ገና ብዙ አለ'ኮ!"

"የአሳታሚው ማስታወቂያ ነው፣ አባባ።"

"ይሄ ሁሉ? ወይ ዘመን!"

አመነኝ። ሮጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ጉድ ፈላ!

የቅዳሜ አንባቢዎች ማኅበር የዚህ ሳምንት ርዕስ "መጽሐፉና ፊልሙ"። የትኛው መጽሐፍ? የጀልባ ቀዛፊው! ውይይቱን ማን ይከፍታል? አባባ! የማኅበሩ ጡረተኛ ዳኛ ራሳቸው ደውለው ነገሩት። ዳኛው መጽሐፍ ሲያነቡ በማስመሪያ እያሰመሩ ነው፣ መስመሩ እንዳያመልጥ የተያዘ ተከሳሽ ይመስል። ፊልምም ይወዳሉ። ከአባባ ጋር የተጣሉት በዚህ ነው።

"ፊልም ማለት ሌላ ሰው አኝኮ ያጎረሰህ ምግብ ነው" ይላል አባባ። የማኅበሩ ጥርስ ሐኪም "ኧረ እባክዎ፣ ገበያዬን አይዝጉብኝ" ብላው ነበር አንዴ።



ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

"የቅዳሜውን ንግግር ጻፊ!" አለኝ አባባ።

ጻፍኩ። "ደራሲው እስከ መጨረሻው ድረስ ደራሲ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ፊልም ሠሪ ሆነ። ዝናብ! እቅፍ! ለቅሶ! ሙዚቃ ብቻ ነው የቀረው።"

ሙዚቃም ነበረው፣ አባባ... ፊልሙ ላይ።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌ ስልሳውን ገጽ አነበብኩ። ዝናብ የለም። እቅፍ የለም። ቀዛፊው አርጅቶ ዓይኑ ጠፍቷል። ልጁ ጀልባው ላይ ትወጣለች፣ ማን እንደሆነች አትነግረውም። "ከሩቅ ነው የመጣሽው?" ይላታል። "በጣም" ትለዋለች። ሌላ ቃል የለም። አሻግሯት ትወርዳለች። አለቀ።

አለቀስኩ። እኔ! ይሄን ነው የቀማሁት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

"አባባ፣ ነገ ይዘንባል አሉ። ብትቀርስ?"

"ዣንጥላ አለኝ።"

"ጉንፋን የያዘህ ትመስላለህ።"

"የያዘውስ አንቺን ነው። ድምፅሽ ልክ አይደለም።"

ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። "አባባ..." "አቤት?" "...ጫማህን ልቀባልህ?" አሁን ጫማው ፊት ያሳያል። የእኔን ፊት ነው ያሳየኝ፣ ደስ አይልም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ ንጋት ነገ አራት ሰዓት ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ። ለምን አልነግረውም? ስለምፈራ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አሥራ አንድ ሰው። አባባ ቆመ። ወረቀቱን ይዟል ግን በቃሉ ነው የሚናገረው። እንዴት ያምርበታል! ዝናቡ ጋ ሲደርስ ጥርስ ሐኪሟ የራሷን መጽሐፍ ገለጠች። ዳኛው ማስመሪያቸውን አነሱ።

"ይቅርታ፣ እርስዎ የሚነግሩን ፊልሙን ነው።"

"እኔ ፊልም አላይም!"

"መጽሐፉ ላይ አይተቃቀፉም'ኮ።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላዋ በሹክሹክታ "ምስኪን፣ አርጅተዋል፤ ተምታታባቸው" አለች። አባባ ይሰማል፣ ጆሮው ደህና ነው። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

ዝም ብል አመልጥ ነበር። አርጅቷል የሚባለው እሱ ነበር።

ተነሳሁ። "አልተምታታበትም። እኔ ነኝ። ስልሳ ገጽ ዘልዬ የፊልሙን ነው የነገርኩት።"

ዳኛው እንኳን ማስመሪያቸውን አስቀመጡ። ፍርድ አልሰጡም፣ ቢሰጡ ይሻለኝ ነበር። አባባ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ለካ መጽሐፉን አላነበብኩትም" አለ። "ያላነበብኩትን ደግሞ አልተችም።" ተቀመጠ።

ስንመለስ ክንዴን ያዘ። የሚይዘው ሌላ ክንድ ስለሌለው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

አልጠራኝም። ሬዲዮ ነው የሚሰማው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

"አንቺ!" አለ ከክፍሉ። በረርኩ። "መጽሐፉን አምጪ።"

አውራ ጣቱን በቀረው ወረቀት ላይ አሳረፈ፣ አላነሳም። በየገጹ ያስቆመኛል።

"ይሄ የማን ነው?"

"የመጽሐፉ ነው።"

ሃያ ጊዜ? ሠላሳ? መቁጠር ተውኩ። ጀልባው ጋ ደረስን።

"አልነገረችውም?"

"አልነገረችውም።"

"አውቋታል" አለ። "ዓይኑ የጠፋ ሰው ድምፅ አይስትም።"

ምላሴ መቼም አያርፍ። "ታዲያ የእኔን ያን ቀን እንዴት ሳትከው?"

"አምኜሽ ነበራ። ያመነ ሰው መቼ ያዳምጣል?"

እንደምንም ጨረስኩለት። ጣቱ ሥር አንድ ቅጠል ወረቀት ቀረች።

"ይሄስ?"

ገለጥኩት። ምን ብዬ ልንገረው? ለምን ዛሬ?

"ማስታወቂያ ነው፣ አባባ። የአሳታሚው... እውነቴን ነው።"

ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

"አንብቢው።"

አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች፣ የስልክ ቁጥሩ ሳይቀር።