እንቁላሏ ጨረቃ

እጇን ሳልስም ሁለት ክረምት ላለፈብኝ፣ እንደ እናት ላሳደገችኝ ለእትዬ ዘውድነሽ፤ ተጉለት።

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ? የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይለየሱስስ ደኅና ናቸው? ዓይናቸውስ? ይህን የሚያነቡልሽ እሳቸው ስለሆኑ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ማለቴ አሁን ደኅና ነኝ። ታምሜ ነበር፤ ግን ድኜ ነው የምጽፍልሽ፣ ስለዚህ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ለቅሶ እንዳትጀምሪ።

አዳማ አንቺ እንደምታስቢው ምድረ በዳ አይደለችም። እርግጥ ሙቀቱ ይከብዳል፤ ከወለንጪቲ በኩል የሚነሣው አቧራም እህሉም ልብሱም ላይ ይተኛል። ባቡሩ ሲመጣ ግን ከተማው ነቅሎ ይወጣል። የማስተምርበት ቤት ከጣቢያው ጀርባ ያለ አሮጌ የጨው መጋዘን ነው፤ ግድግዳው ሳንቃ፣ መስኮት የሚባል የለው። ልጆቹ ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ትልቁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ግማሾቹ የቤታቸው አፍ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የሚናገሩት ከእኔ ጋር ሲሆኑ ብቻ ነው። ፊደል ቁጠሩ ብዬ ዞር ስል ግድግዳውን ይልሳሉ፤ ጨው አለዋ!

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት መግቢያ ነው። ሰንበታ የሚባል ተማሪ አለኝ። እናቱ ውዴ ለባቡር ሠራተኞች ውኃ እያመላለሰች የምትኖር ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ከሰንበታ ሌላም ልጅ የላትም። ይህ ልጅ አንድ ቀን ብድግ ብሎ፣ መምህር፣ በእኛ አፍ ጂአ ማለት ጨረቃም ነው ወርም ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ታዲያ ጨረቃዋ የት ነው የምትቀበረው? አለኝ። እኔም አዲስ አበባ ፈረንጁ መምህሬ ያሳየኝ ትዝ አለኝና፣ ነገ በዓይንህ ታያለህ አልኩት።

በማግስቱ በሩን ዘጋን። ፋኖስ ለኩሼ በተገለበጠ ቁና ላይ አስቀመጥኩና ይቺ ፀሐይ ናት አልኳቸው። ዲንቄን መሬት አደረግኋት። ዲንቄ የእህል ነጋዴው የደገፋ ልጅ ናት፤ ከንዳድ ገና መነሣቷ ስለነበር እንዳትሯሯጥብኝ ብዬ ነው ቆማ የምትሠራውን የሰጠኋት። ባለችበት ቀስ እያለች ስትዞር፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ልጆቹ ነጋ! ይላሉ፤ ጀርባዋን ስትሰጥ መሸ! ይላሉ። አንዱማ መሸ በተባለ ቁጥር እራት የታለ እያለ አስቸገረኝ። መምሬ፣ እዚህ ላይ ፊትዎን እንዳያጨማድዱ፤ ከመጽሐፍ ልጣላ ብዬ አይደለም፣ ሕፃናቱ ቀኑና ሌሊቱ ሲፈራረቅ እንዲያዩ ብዬ ነው።

ለጨረቃ ነጭና ክብ ነገር ባጣ ከቤቴ አንድ እንቁላል ይዤ መጥቼ ነበር። ጠያቂው ሰንበታ ነውና እሱ ያዙራት ብዬ ሰጠሁት። እንቁላሏን ከፍ አድርጎ በዲንቄ ራስ ዙሪያ ሲሄድ፣ ሌሎቹን በየተራ ከዲንቄ ጎን እያቆምኩ አሳየኋቸው። በፋኖሱ በኩል ስትሆን ጠቆረች፣ በጎን ስትሆን ግማሿ በራ፣ ከወዲያ ስትሆን ሞላች። ሰንበታ፣ እንግዲያው አልሞተችማ፣ ብርሃኗን በጀርባዋ ይዛው ነው! ብሎ ሲጮህ፣ ሙች እትዬ፣ ደስታ የምሆነውን አሳጣኝ። ምን ያደርጋል፣ በሦስተኛው ዙር እግሩ ቁናውን መታና ተደናቀፈ፤ እንቁላሏ እግሩ ሥር ፍርጥ አለች። ፋኖሱን ዘልዬ ቀለብኩት። ስቀን ስቀን፣ ወለሉን ጠርገን ተበተንን።

በአምስተኛው ቀን ሰንበታን ንዳድ ጣለው። ውዴ ጠዋት ጠዋት ውኃዋን ተሸክማ ስታልፍ አካም ቡልቴ ሳትለኝ አታልፍም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሰላምታ የሚባል የለም። በሬ ላይ ቆማ፣ ልጄን ለባለጸጋ ልጅ ጭዳ አደረግኸው አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። አንቺ ቶሎ ይገባሻል፤ ፈንጣጣ የያዘኝ ጊዜ በራሴ ላይ ገብስማ ዶሮ አዙረሽ መንገድ ዳር የጣልሽ አንቺ አይደለሽም ወይ? (መምሬ ይህን እንደማያውቁ አውቃለሁ። እንግዲህ አወቁ።) ከበሽታ የተነሣችው ልጅ መሐል ቆመች፤ ራሷ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረባት፤ የዞረው ነገር ሰንበታ እግር ሥር ተሰበረ፤ ሰንበታ ታመመ። እኔ ጅሉ ይህ ሁሉ ሲሆን ጨረቃ ብቻ ነበር የታየኝ። ኧረ እንቁላል ነው፣ ዶሮ እኮ አይደለም ብላት፣ እንቁላልስ ዶሮ ሊሆን አይደለም ወይ አለችኝ።

የከፋው ግን መድኃኒት አላስነካውም ማለቷ ነው። መሐመድሰዒድ የሚባለው ዓረብ ባለሱቅ ኪኒን አለው፤ ዲንቄንም ያዳናት እሱ ነው። ውዴ ግን ከሰው ዞሮ የመጣ በሽታ በኪኒን አይመለስም ብላ በሯን ዘጋች። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ንዳድ የሚያመጣው ትንኝ እንደሆነ ነገርኳት፣ ፋኖሱና እንቁላሉ ለትምህርት እንደነበሩ ነገርኳት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ከውስጥ የልጁ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ወሬውን ሰምተው ሦስት ልጆችም ከትምህርት ቀርተውብኝ ነበር፤ የእነሱ መቅረት ግን ከልቤ ወጥቷል። ያ ልጅ በእኔ ምክንያት ሊሞት ነው እል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኪኒኑንም አንድ እንቁላልም ይዤ ሄድኩ። ከሰው መጥቶ እንደሆነ ወደ ሰው ይሂድ፤ እኔ አዙሬ እወስድለታለሁ፣ አንቺ ደግሞ ይህን መራራ ነገር ታስውጪዋለሽ አልኳት። አፍጥጣ አየችኝና፣ ትደፍራለህ? አለች። እደፍራለሁ አልኩ። ልጁን አቅፋ አወጣችና ደጅ ግራሩ ሥር አስቀመጠችው። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ ድቁና የተቀበልኩት፣ የፈረንጅ ትምህርት የተማርኩት ዘገዬ፣ እንቁላል ይዤ፣ ለእኔ ያድርገው፣ ለእኔ ያድርገው እያልኩ ዞርኩት። ከአንገት በላይ እንዳይመስልሽ፤ ከልቤ ነበር። በሁለተኛው ዙር ላይ ሰንበታ ዓይኑን ገለጠና በዚያ በደከመ ድምፁ፣ መምህር፣ አሁን ግማሽ ነህ አለኝ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ሦስተኛውን ዞሬ እንቁላሉን እግሬ ሥር ጣልኩት፤ ውዴም ኪኒኑን ከእጄ ተቀበለችኝ።

በሳምንቱ ሰንበታ ተነሣ። የቀሩትም ልጆች ተመለሱ። ከዚያ ምን ሆነ ትያለሽ? እኔ በተራዬ ወደቅሁ! እዚህ አገር በጥቅምት ንዳድ የማይገባበት ቤት የለም፤ ግን ይህን ማን ይስማኝ? ከተማው በሙሉ መምህሩ ወሰደለት ብሎ ጨርሷል።

ባለፈው ሐሙስ ውዴ ሰንበታን አስከትላ መጣች፤ በእጇ እንቁላል ይዛለች። እያለቀሰች ነው የገባችው። ቀና በል ልዙርልህ፣ ለእኔ ያድርገው አለችኝ። እጇን ያዝኳትና፣ አንቺ ብትወድቂ ይህ ልጅ ማን አለው? አልኳት። እንዲያው መሐል ላይ ቆማ ቀረች፤ መዞሩንም ፈራች፣ ይዛው መመለሱንም ፈራች። ይሄኔ ሰንበታ፣ ለሦስት እንካፈለው፣ ለአንድ ሰው እንዳይበዛበት አለ። ውዴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና እሳት አነደደች። ቀቅላ ልጣ በክር ለሦስት ቆረጠችው። መምሬ፣ እንዳይቆጡኝ፤ ቀኑ ሐሙስ ነው፣ የነቢያት ጾምም አልገባ። የእኔን ድርሻ በእጇ አጎረሰችኝ፤ እሷም ልጇም የየራሳቸውን ያዙ። ሦስታችንም ፈራ ተባ እያልን ተያየንና አንድ ላይ ዋጥነው።

እነሆ ይኸው ሦስታችንም አለን። መምሬን ጉልበታቸውን ሳምኩ በይልኝ፤ ለንስሐዬ የሚያዙኝን ይጻፉልኝ፣ ግን ልጁን በመዞሬ ተጸጸት እንዳይሉኝ። ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ሐዲስ ዳዊቱን ደግሟል ወይ? ዘመናይን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእማማ ዘርፉ ሰላምታዬ ይድረስ። አንቺም እትዬ፣ ታሞ ነበር ብለሽ በስሜ ዶሮ እንዳታዞሪ። እምቢ ካልሽ ግን አትጣያት፤ ወጥ ሥሪያትና ለቤቱ ሰው ሁሉ አካፍያት።

ወንድምሽ ዘገዬ
አዳማ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.