ለታዛቢው የምሳ በጀት እንዲያዝለት ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ጋሽ ሃቢብ
የፎረስት ፓርክ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን መረዳጃ ማህበር ሰብሳቢ
ኮሎምበስ፣ ማርች 2021

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ ባለቤቴ ኢድሪስማ በማህበርዎ ቸርነት ቀበቶው አልበቃው ብሏል።

ከተማው በኮቪድ ምክንያት ከቤት ለማይወጡ አረጋውያን የምሳ ገንዘብ ሲሰጥ፣ ማህበርዎ ምሳውን ለሚያበስል ሰው ጨረታ አውጥቶ ወይዘሮ ሃጀርን አሸናፊ ማድረጉን፣ ለእኔም ለተሸናፊዋ ማጽናኛ ይሆን ዘንድ ባሌን ያለ ክፍያ ገለልተኛ ታዛቢ አድርጎ መሾሙን በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ቅናት ይዟት ነው የሚሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ልክ ናቸው፣ ቀንቻለሁ። ቢሆንም የሚከተሉትን በትህትና አቀርባለሁ።

1. ታዛቢው ኦቤትስ ካለው መጋዘን ከሥራ ወጥቶ፣ በራሱ ቤንዚን ካናል ዊንቸስተር ድረስ ነድቶ፣ ወይዘሮ ሃጀር ወጥ ቤት የሚደርሰው ተርቦ ነው። እሳቸውም ደግ ናቸውና ሳይበላ አይለቁትም። ሰው ቤት ገብቶ አልበላም ማለት እንዴት እንደሚያስቀይም እርስዎም ያውቃሉ። በእጃቸው ሁለት ጊዜ ካጎረሱት በኋላ ደግሞ ፊታቸው ላይ የምግብ ሳጥን ከፍቶ ሥጋ ለመቁጠር ምን ዓይን ይኖረዋል? ስለዚህ ሳይከፍት ሪፖርቱ ላይ ይፈርማል።

2. ውሉ ለአንድ ሰው ሦስት ቁራጭ ሥጋ ይላል። ጎረቤታችን ጋሽ ካሳሁን ባለፈው ማክሰኞ ሳጥናቸውን ከፍተው ሲያሳዩኝ ከጎመኑ ሥር አንዲት ቁራጭ አገኘን። ለጥርሳቸው ታስቦ ከሆነ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ በቀን የሚበሉትም ያንኑ ብቻ ነው።

3. ኢድሪስ ጠግቦ ይመጣና የድስቴን ክዳን ከፍቶ አይቶ፣ «ሃጀርን ቅመሙን እንዴት እንደምታደርገው ኮል አድርገሽ ጠይቂያት» ይለኛል። በአሥራ አራት ዓመት ትዳር እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ማህበሩን አይመለከትም ካሉኝ እቀበላለሁ።

ባለፈው ስብሰባ ለታዛቢ በጀት ይያዝ ብዬ ስጠይቅ፣ ታዛቢነት የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው፣ ገንዘብ ከገባበት ይበላሻል ብለው መክረውኛል። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ውሉ ግን በዚህ ወር መጨረሻ የሚታደሰው በዚሁ ታዛቢ ሪፖርት ነው። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ የቤንዚኑና የምሳው ወጪ ከፕሮግራሙ ይሸፈንና ሰውየው በልቶ ይሂድ። ከፈለጉ ባሌን አንስተው ሌላ ሰው ይሹሙ። ጨረታውንም ወይዘሮ ሃጀር ደግመው ያሸንፉ፤ እኔ በቅናቴ እኖራለሁ። ብቻ ለጋሽ ካሳሁን ሦስቱ ቁራጭ ይድረሳቸው።

የሰብሳቢነት ዘመንዎ ያለ ጠያቂ የተራዘመ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ተሸናፊዋ ተጫራች፣ የታዛቢው ባለቤት
ሞሚና

ማስታወሻ፦ ዛሬ ኢድሪስን በእጄ ምሳ አብልቼ ስጨርስ፣ የጻፍኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አይቶ እንዲያረጋግጥ ይህንኑ ደብዳቤ ሰጠሁት። ሳያነበው ፈርሞበታል።