ባሕር በጀሪካን

ወንድሜ ወልዴ፣

ያለሁት ዋይሊ በምትባል ከተማ፣ ልጄ ሚኪያስ ቤት ነው። መጋዘን ሲሠራ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ሶፋ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ሰው ማነጋገርም ትቷል። ዓሣ እያየ እንዲጽናና ሚስቱ ሔለን የመስታወት ገንዳ ገዛችለት። ሻጩ "ጨው በጥብጪ" አላት። እኔ የባሕር ዓሣ በባሕር ውሃ ነው የሚኖረው ብዬ እንቢ አልኩ። አሰብ ሳለን ባሕሩ ደጃችን ነበር፤ ከዚህ ግን ሔለን ጋልቬስተን የባሕር ዳርቻ ድረስ አምስት ሰዓት ነዳችልኝ። ከወደቡ ራቅ ብለን ውሃውን በጀሪካን፣ አሸዋውን በባልዲ ሞልተን ተመለስን።

ቤት እንደገባን ሔለን አሸዋውን ወንፊት ላይ ገልብጣ ቧንቧ ልትከፍትበት ሆነ።

"ተይ! የቧንቧው ክሎሪን አሸዋው ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ነፍሳት ይፈጃቸዋል። ውሃውን የሚያጠሩት እኮ እነሱ ናቸው!" አልኳት።

"አባባ፣ ምስር እንኳ ሳይታጠብ አይቀቀልም!"

"ልትቀቅዪው ነው?"

ከሶፋው በኩል ሳቅ ሰማን። ሚኪያስ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣና ወንፊቱን ተቀበላት። "ሔሊ፣ አትድከሚ፤ አባዬን ያሸነፈ የለም" አላትና አሸዋውን ራሱ ገንዳው ውስጥ ጨመረው።

ውሃው ገና ስላልተስተካከለ ዓሣ እንዳይገባበት ከልክያለሁ። ሚኪያስ በየማለዳው ተነሥቶ ወንበር ይስብና "አባዬ፣ ዛሬስ?" ይለኛል። "ገና ነው" እለዋለሁ። ነገም ይጠይቀኝ።

የምጽፍበት ካርድ ጠበበኝ። ጉልበትህን እግዜር ይማርልህ። ባለቤትህ አባይነሽ ሚኪያስን በጸሎት እንዳልረሳችው አውቃለሁ፤ በእግሩ ቆሟል በላት።

ይርጉ