የረቡዕ ውሃ

ሸዋል 8፣ ረቡዕ

ከገበያ ተመለስኩ። ዘይት ተወዷል። ምንጩ ጋ ስደርስ የከበብናቸው የስፔን ወታደሮች በርሜል እየሞሉ ነበር... በጠራራ ፀሐይ፣ በቅሏቸውን አቁመው፣ እያፏጩ። አንዱ፣ ፂሙ ገና ያልጠናው፣ በቋንቋችን "ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ሼህ" አለኝ። ምን እላለሁ? መለስኩለት።

ሌላ ቀን ምንጩን የሚጠብቁት ሰዎቻችን የት ናቸው? ገበያ። በረቡዕ፣ በገበያ መንገድ ላይ ደም ያፈሰሰ ቤቱ ይቃጠላል፣ የወይራ ዛፉ ይቆረጣል። ምንጩ ደግሞ መንገዱ ላይ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ እናስጠማቸዋለን፣ ረቡዕ እናጠጣቸዋለን። ይሄ ከበባ ነው?

ምሽጋቸው ከማሳዬ በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ ነው። ማሳው ውስጥ የገባ ከምሽጉ በጥይት ይመታል። ገብሱ ደርሶ አንገቱን ደፍቷል። ምሽጉ ቶሎ ካልወደቀ የብርዱን ወራት ምን በልተን እንደምንወጣ አላውቅም። ሚስቴ ሚሙንት፣ "ገብሱ አንተ ሼህ መሆንህን አያውቅም፤ ቆሞ አይጠብቅህም" አለች።

ሸዋል 10

ሐጅ ሐዱ ዘንድ ሄድኩ። ገበያውን የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

"ሐጅ፣ የገበያው ሰላም እኮ ለእኛ ነው እንጂ ለስፔን አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ... ረቡዕ ዕለት አንድ ጥይት ከጮኸ ማን ተኮሰ፣ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ አለ? የላይኛው መንደር በታችኛው ላይ ይነሳል። አለቀ።"

በሁለቱ መንደሮች መካከል ደም አለ። አንድ ምሽግ ከበው እንኳ የሚያደፍጡበት ጉድጓድ ለየብቻ ነው፤ ዳቦ አይካፈሉም። ሐጅ እውነታቸውን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ሸዋል 12

ነፋስ። የገብሱ ፍሬ እየረገፈ ነው። ከሩቅ ይታየኛል... ወይስ ይመስለኛል?

ሸዋል 14

የሁለቱ መንደሮች ስብሰባ። መላ አገኘሁ። ሰላሙ ገበያው ያለበትን ይከተላል። ገበያውን ለአንድ ረቡዕ ብቻ ብናዛውረው የምንጩ መንገድ የገበያ መንገድ መሆኑ ይቀራል። ምንጩ ላይ የሚተኩስም አይቀጣም። ተያዩ። የተደነቁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጀመሩ።

"ወዴት ነው የምናዛውረው? በእነሱ የበለስ ዛፍ ሥር? ሞቼ እገኛለሁ!" አለ የታችኛው መንደር አላል።

"ማን ለመነህ? አህያህን እንኳ አናስጠጋም" አለው ከላይኞቹ አንዱ።

እስከ ዙህር ሶላት ስለ በለስ ጥላ። ከዙህር እስከ ዓስር ሶላት ስለ አህያ። ስፔን ቢሰማን በሳቅ ይሞት ነበር፤ ጥይታችንም ይተርፍ ነበር። በመጨረሻ የማንም ባልሆነው ደረቅ ወንዝ፣ አሸዋው ላይ እንዲሆን ተስማሙ።

ሐጅ ሐዱ ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ልጄ፣ ሰላሙ ኋላ ስንመልሰው እሺ ብሎ ይመለሳል ብለህ ነው?" አሉ።

ለአንድ ቀን እኮ ነው አልኳቸው። ለአንድ ቀን።

ሸዋል 15፣ ረቡዕ

ለስፔኖቹ የነገራቸው የለም። ማን ይነግራቸዋል? እንደ ልማዳቸው በቅሏቸውን እየነዱ ወረዱ አሉ። ጠመንጃቸውን ምሽጉ ውስጥ ትተው። ረቡዕ ነው ብለው... አምነውን ነበር ማለት ነው?

እኔ አሸዋው ላይ ነበርኩ። ከምንጩ በኩል ተኩሱ ሲሰማ የሽንኩርት ሻጩ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። አላል አልሳቀም። የላይኞቹን እጅ እጃቸውን ያይ ነበር።

ሸዋል 18

ምሽጉ እጁን ሰጠ። ስፔኖቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ እየተደጋገፉ ወጡ። ምንጩ ላይ ተደፉ። ያንን ሰላም ያለኝን ልጅ በዓይኔ ፈለግኩት። አልነበረም። ለምን ፈለግኩት?

እኛስ? የምሽጉ መድፍ ለማን ይሁን ብለን ተጣላን። የሚተኩሰው የለም፤ የሚጣላበት ሞልቷል። ጠመንጃዎቹን ግማሹን ላይኞቹ፣ ግማሹን ታችኞቹ ወሰዱ።

ሸዋል 20

አጨድን። ብዙው ረግፎ መሬት ላይ ነው። ሚሙንት ከነአፈሩ ጠርጋ ታበጥራለች። "ይበቃናል፣ አልሐምዱሊላህ" አለች። ይበቃናል። ታዲያ ደስ የማይለኝ ምን ሆኜ ነው?

ሸዋል 22፣ ረቡዕ

ገበያው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁሉም የምሽጉን ጠመንጃ አንግቶ መጣ። ሐጅ ሐዱ መግቢያው ላይ ቆመው፣ "መሣሪያችሁን እንደ ድሮው ዛፉ ላይ ስቀሉ! ዛሬ ሰላም ነው!" እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ።

አላል ፊታቸው ቆመ። "የቱ ሰላም፣ ሐጅ? ባለፈው ረቡዕ ወንዙ ውስጥ ነበር። ዛሬ የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?" ወደ እኔ ዞረ። "ሼህ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን። የሚያዛውሩት እርስዎ አይደሉ?"

ሁሉም አዩኝ። ላይኞቹም፣ ታችኞቹም። እግሬ ሥር ያለውን መሬት እያሳየሁ "እዚህ ነው" አልኩ። ጠመንጃውን የሰቀለ የለም።

ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ የተቀመጠም አልነበረም። እኔም ስወጣ ፊቴን ወደ ሰዉ አድርጌ፣ የኋሊት እየተራመድኩ ወጣሁ። አንድ ሼህ የኋሊት እየሄደ ከገበያ ሲወጣ... ማንም አልሳቀም።