ከጨረቃ ላይ የጠረግሁት ጉድፍ

ይድረስ ለእታለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ላይ የሚነዝርሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? የእማዬ ዓይንስ? ባለቤትሽ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ ትምህርቱን እንዴት ይዘውታል? እኔ ካንቺ ኩርፊያ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ስምንት ወር ሙሉ ድምፅሽን አልሰማሁም። በደወልሁ ቁጥር እማዬ ታነሳና «እጇ ሊጥ ነው» ትለኛለች። ስምንት ወር የማይጋገር ሊጥ የት አገር አለ? የላክሁልሽን የራስሽን ፎቶ ወደ ግድግዳው አዙረሽ እንዳስቀመጥሽው፣ «የሌላ ሴት ፎቶ ነው የላከልኝ» እንዳልሽም ነግራኛለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቆጥቼ ነበር። ከግራ ጉንጭሽ ላይ ያን የቃጠሎ ጠባሳ ለማንሳት ስንት ቀን እንደለፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አምሮብሽ እንድታዪው ብዬ ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ልወቅስሽ አይደለም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል ተቀምጬ የሰው ፊት አጸዳለሁ። ብጉሩን፣ ማድያቱን፣ ኮሌታ ላይ የወደቀውን ፀጉር በኮምፒውተር እጠርጋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስለሠራሁት እጄ እኔን ሳይጠይቅ ነው የሚሠራው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር መጡ። ጉርድ ፎቶ የሚነሱ መስሎኝ ወንበሩን ሳስተካክል፣ በቁጥር የተሞላ ወረቀት አወጡ። ሰዎች የተሳፈሩባት የጠፈር መንኮራኩር ማክሰኞ ምሽት በጨረቃ ፊት እንደምታልፍ፣ ከእኛ ጣሪያ ላይ ሆኖ ለሚያያት አንድ ሰከንድ እንኳ እንደማትቆይ ነገሩኝ። ይህን ቀን ሁለት ዓመት ጠብቀውታል። ረጅሙ ሌንስ ያለው እኛ ዘንድ ስለሆነ አንሳልኝ አሉኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ጣሪያው ላይ ነበርን። ጨረቃ ከውሃ ታንከሩ በላይ ሞልታ ወጥታለች። መምህሩ በሰዓታቸው ሲቆጥሩ እኔ ካሜራውን ተጫንሁት፤ በተከታታይ አነሳ። በዓይናችን ምንም አላየንም።

ጠዋት ከወረቀታቸው ሰዓት ጋር የገጠመችውን ፎቶ መርጬ፣ አጽድቼ፣ በትልቁ አተምሁ። መንኮራኩር የሚመስል ነገር አጣሁባት። መምህሩ ሲመጡ እንዳመለጠችን ነገርኋቸውና ሳፅናናቸው፣ «ጨረቃዋ ግን ጥርት ብላለች፤ የነበረባትን ጉድፍ ሁሉ አንስቼላታለሁ» አልሁ። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ምን ዓይነት ጉድፍ?» አሉኝ።

ካሜራው ውስጥ የቀረውን ዋናውን ከፈትሁት። ከሌንሱ አቧራ መካከል አንዷ ነጥብ ሳጎላት ግራና ቀኝ ክንፍ አላት። መምህሩ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ጨረቃንማ በየወሩ አያታለሁ። እኔ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ይህችን ጉድፍ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር፤ ያሰብሁት አንቺን ነበርና።

የእሳቸውን መልሼ አተምሁላቸው። ያንቺን ግን መመለስ አልቻልሁም። የጸዳውን በዋናው ላይ አስቀምጬ ዋናውን አጥፍቼዋለሁ። ጠባሳሽን በእጄ ልመልሰው ሞከርሁ፤ ከዓይንሽ ሥር ጀምሮ የት ላይ እንደሚያልቅ አላስታወስሁም። እታለሜ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ የፈላውን ድስት ስስብ በመሃል የገባሽው አንቺ ነሽ። በእኔ ላይ ሊፈስ የነበረው ባንቺ ላይ ፈሰሰ። እኔ ንጹሕ ፊት ይዤ አደግሁ፤ ያንቺን ጠባሳ ደግሞ እንደ አቧራ ጠረግሁት። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ያንን ፎቶ ቅደጂው። ሰፈር ያለው ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄደሽ በግራ በኩል ተነሺልኝ፤ ምንም እንዳይነካብሽ ንገሪው። ከኮምፒውተሬ በላይ የምሰቅለው እሱን ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን እግዜር ይማርህ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጎበዝ በያት፤ ትንሹን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። አንቺን ግን የምስምሽ ግራ ጉንጭሽ ላይ ነው።

ወንድምሽ
ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል
የካቲት 19 ቀን